ከመምህርቷ ጀርባ

ፎቶ አንሺው ሞቶ የተገኘው ወደ ጣሪያ በሚያወጣው ደረጃ ሥር ነው። ያ ደረጃ መደገፊያ የለውም። «ሕፃን ያለበት ቤት ነው፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ መደገፊያ አሠሩለት» ተብሎ ስንት ጊዜ ተነግሮ ነበር! ማን ሰምቶ። ስለዚህ ሬሳው በጀርባው ተንጋሎ፣ ከዘራው ከጎኑ ተጋድሞ ሲታይ፣ ያየ ሁሉ መጀመሪያ የረገመው ደረጃውን ነው።

ሐኪሙ ግን አልረገመም። ጎንበስ ብሎ የሟቹን ራስ ከኋላ በኩል ዳሰሰ፤ ከዚያ የደረጃውን ጠርዞች አንድ በአንድ ነካ።

«ይሄን ቁስል ያመጣው ቀጥ ያለ ስለታም ጠርዝ ነው» አለ በመጨረሻ። «የዚህ ደረጃ ጠርዝ ሁሉ በእግር ተበልቶ ክብ ሆኗል። ደምም አላይበትም። ሰውየው ሌላ ቦታ ነው የሞተው። እዚህ አምጥቶ ያስተኛው ሰው አለ።»

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ ተላከች። ቀጭን፣ አርፋ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። ወንበር ሲሰጧት ጫፉ ላይ ዱብ ትልና ወዲያው ትነሣለች። ስታስብ የኮቷን ቁልፍ ታሽከረክራለች፤ ከዚህ የተነሣ ሦስተኛው ቁልፍ ሁልጊዜ በክር ጫፍ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ መጥፋቱ አይቀርም፤ የሚሰፋላት ሰው ግን የላትም።

ገና በሩ ላይ ሳለች ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው።

«ምን ታሽከረክሪያለሽ? ነገሩ ግልጽ ነው» አላት። «ልጅቷ ጠዋት ከአባቷ ጋር ስትጯጯህ ጎረቤት ሰምቷል። ከሰዓት ደግሞ ብቻዋን ከሬሳው ጋር ተገኘች። እስከ ማታ ይዘሻት ነይ።»

«ጡት የሚጠባ ልጅ አላት እኮ።»

«ዘመድ ይያዝላት።»

«ጡጦ አልይዝም ያለ ልጅ ነው አሉ።»

«እኔ ሞግዚት ነኝ እንዴ?» ብሎ ዘጋው።

ፎቶ ቤቱ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። በግራ በኩል ትልቅ መስኮት አለው፤ መሀል ላይ አንድ የእንጨት ወንበር ተቀምጧል። ከወንበሩ ጀርባ፣ ራቅ ብሎ፣ የቤቱ ዝርክርክ ሁሉ ይታያል፤ ካርቶን የተቆለለበት መደርደሪያ፣ መጥረጊያ፣ የተሰበረ ጃንጥላ፣ ፊልም የሚታጠብበት የጨለማ ክፍል በር። ሌላ ፎቶ ቤት ይህን ሁሉ በመጋረጃ ይሸፍነዋል። እዚህ መጋረጃ የሚባል ነገር የለም። እንዲያም ሆኖ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ፎቶዎች በአንዱም ላይ መጥረጊያው አይታይም። ከሰዎቹ ፊት በስተኋላ ያለው ነገር ሁሉ ልክ ውሃ የነካው ቀለም ይመስል ሟምቶ፣ ለስልሶ ጠፍቷል።

የሟቹ ልጅ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ሕፃኑ ትከሻዋ ላይ ይነጫነጫል። እግሯ ሥር አንድ ቦርሳ አለ፤ ዚፑ አልዘጋ ብሎ የሕፃን ልብስና የሽንት ጨርቅ ጫፍ ወጥቷል። ከአሁን አሁን ይወስዱኛል ብላ ሌሊቱን ስታዘጋጅ ያደረችው ነው።

«ከአባትሽ ጋር በምን ተጣላችሁ?» አለች መርማሪዋ።

«ባለቤቴ ሥራ ያገኘው ሌላ ከተማ ነው። ልሂድ አልኩት። ‹ፎቶ ቤቱን ላንቺ ላወርስሽ ስል ለማን ጥለሽው ነው የምትሄጂው› ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ጮህኩ። ከምሳ በኋላ ልጁን ላስመዝን ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ስመለስ…» ሕፃኑ አለቀሰ፤ እሷም አብራው።

«እንዲያው ላስጨንቅሽ ብዬ አይደለም። ጡረተኛዋ መምህርት ከምሳ በኋላ እዚህ ፎቶ ተነሥቻለሁ ብለዋል። ያነሣኝ ጋሼ ራሱ ነው ይላሉ። እንግዲህ እስከዚያ ሰዓት በሕይወት ነበር ማለት ነው። ከሳቸው በኋላ ወደዚህ ቤት የገባ ማነው?»

ልጅቷ የሕፃኑን ጀርባ እየመታች መሬት መሬት አየች። «እኔ ብቻ ነኝ» አለች።

ሟቹን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉም «ጋሼ» ነበር የሚለው። ከሱ ጋር የሚሠሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው ታናሽ ወንድሙ ነው። የትምህርት ቤትና የሠርግ ሰዎችን በረድፍ እያቆመ ስለሚያነሣ «ሰልፍ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ሁለተኛው ፊልም የሚያጥበውና ፎቶ የሚያሳምረው ሰውዬ ነው፤ እሱን ደግሞ «ብሩሽ» ይሉታል።

ሰልፍ ካሜራውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ገባ። ቁመናው፣ የትከሻው ጉብጠት፣ ሁሉ ነገሩ ቁርጥ ወንድሙን ነው። እህል የቀመሰ አይመስልም።

«እኔ ከሰዓት ትምህርት ቤት ነበርኩ» አለ ሳይጠየቅ። «ከርዕሰ መምህሩ ጀምሮ ሁሉም አይቶኛል።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ጠዋት ነው ከዚህ የወጣሁት። ይልቅ አንድ ነገር ልንገርሽ እህቴ። በወንድሜ ካሜራ ውስጥ ፊልም አለ። የመጨረሻ ሥራው እዚያ ላይ ነው። አሳጥቡት። ያችን ሰዓት በሕይወት እንደነበረ በዓይንሽ ታያለሽ።» ዓይኑን ወደ ወንድሙ ልጅ መለስ አደረገና ቶሎ አነሣው። «እኔ እሷን አልከስም። ግን እውነቱ ይውጣ።»

«ይውጣ» አለች መርማሪዋ።

ብሩሽ ጉንጩ እንደ ኳስ አብጦ መጣ። ትናንት ከምሳ በፊት ጀምሮ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ እንደነበር ማስረጃ አላስፈለገውም።

«ነቀለው?» አለችው።

«ነቀለው አይባልም እመቤቴ፤ ቆፈረው! ሦስት ሰው ይዞኝ ነው። ለጥርሴ ቀብር ድንኳን መትከል ነበረብኝ።» ሊስቅ ብሎ ጉንጩን ያዘ። ከጋሼ ካሜራ የወጣውን ፊልም ተቀብሎ ወደ ጨለማው ክፍል ገባና ወዲያው ብቅ አለ። «ወለሌን ያጸዳልኝ ማነው? እግዜር ይስጠው። ይሄ ክፍል ተወልውሎ አያውቅም፤ እኔ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ማለቴ ነው።»

መርማሪዋ እንደ ተተኮሰች ብድግ አለች። ገብታ ወለሉን አየች። ጥግ ጥጉ በአሮጌ እድፍ ጠቁሯል፤ መታጠቢያ ገንዳው ሥር ግን ተፈግፍጎ ነጥቷል። የሲሚንቶውን ገንዳ ጠርዝ በጣቷ ዳበሰችው። ቀጥ ያለ፣ ሻካራ ጠርዝ ነው። የኮቷን ቁልፍ ማሽከርከር ጀመረች።

ፊልሙ እስኪታጠብ ድረስ አንድ ቦታ አልቆመችም። ካርቶኑን አነሣች፣ መሳቢያ ሳበች፣ መስኮት ከፍታ ዘጋች። ልጅቷ በዓይኗ እየተከተለቻት ጭንቅ ጥብብ አላት፤ ሰው ሲንቆራጠጥ ማየት በራሱ ያደክማል። በመጨረሻ መርማሪዋ ፊልሙ ወደወጣለት ወደ ጋሼ ካሜራ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ፣ ሌንስ ሳይኖረው፣ አፉ በክዳን ተዘግቶ ተቀምጧል። ረጅሙ ሌንሱ መሳቢያ ውስጥ በቆዳ ከረጢቱ ነው። አወጣችው። የፊት መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል።

ልጅቷ ሕፃኑን እንዳቀፈች ዘላ ተነሣች። «ውይ! ይሄ መቼ ተሰበረ?»

«አታውቂም?»

«ይሄ ቢሰበር መንደሩ በሙሉ ይሰማ ነበር! አባቴ ይሄን ሌንስ ከኔ እኩል ነው የሚያየው። ሌላ ሌንስ ኖሮት አያውቅም። ‹አንድ ሚስት፣ አንድ ሌንስ› ይል ነበር። እናቴ ‹እኔን ከመስታወት ጋር!› እያለች ትቆጣዋለች።»

«ምን የተለየ ነገር አለው?»

ልጅቷ የሌንሱን ሆድ አሳየቻት። «እዚህ ውስጥ ቀዳዳ አለ። እንደ ዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ይጠብባል። በዚህ ቀለበት ነው የሚዞረው። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ተገላቢጦሽ ነው። አባቴ እስከ መጨረሻው ከፍቶት ነበር የሚያነሣው። ሲከፈት ያነጣጠሩበት ፊት ብቻ ይጠራል፤ ከኋላ ያለው ይሟሟል።»

«ሲጠብብ ደግሞ?»

«ከፊት እስከ ኋላ ሁሉም ጥርት ብሎ ይወጣል። ግን ብርሃን ስለማይበቃ መብራት ያስፈልጋል። አባቴ መብራት አይወድም። በመስኮቱ ብርሃን ነበር የሚሠራው።»

«ረጅም ሌንስ መሆኑስ?»

«ፊት እንዲሞላለት ሲፈልግ እንኳ ከሩቅ ነው የሚያነሣው። ሌንሱ ከሰውየው ጀርባ ያለውን ጠባብ ቦታ ብቻ ቆርጦ ያጎላዋል፤ ድብዘዛውም አብሮ ይጎላል። ለዚህ ነው መጋረጃ ያልሰቀልነው። መጋረጃችን ይሄ ሌንስ ነበር።»

መርማሪዋ ጨረቃ የምታይ ይመስል ጣቶቿን አክብባ በቀዳዳቸው ወደ ወንበሩ አየች፤ አጠበበችው፤ እንደገና አየች። ሕፃኑ ጣቷን ሊይዝ እጁን ዘረጋ።

ይኼኔ ውጭ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጡረተኛዋ መምህርት ናቸው፤ ለቅሶ ለመድረስ ጥቁር ነጠላ ለብሰው፣ ወፍራም መነጽራቸውን አድርገው መጡ። ለልጅቷ አለቀሱላት፤ ሕፃኑን አቅፈው ሳሙ። ከዚያ ብሩሽ ገና ያልደረቀውን ፎቶ ይዞ ወጣ። መምህርቷ ፎቶውን ሲያዩ እንባቸው ደረቀ።

«ይሄ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት፣ እትዬ» አለ ብሩሽ።

«አፍንጫዬን ማን ነፋው?»

«እኔ አልነካሁትም። ገና ከውሃ መውጣቱ ነው።»

«ጋሼ ስንት ጊዜ አንስቶኛል! አንድ ቀን ድንች አፍንጫ አድርጎኝ አያውቅም። ነፍሱን ይማረውና፣ ትናንት ደግሞ አመሉ ሁሉ ተለውጦ ነበር። ያንን ትልቅ መብራት ዓይኔ ላይ ለቆ አሳወረኝ። ወትሮ ከወዲያ ጥግ ሆኖ ነበር የሚያነሣኝ፣ ትናንት አፍንጫዬ ሥር መጣ።»

መርማሪዋ ወደ መምህርቷ ቀረበች። «ምን አለዎት?»

«ምንም። እሱ ሲያነሣ አይናገርም፤ በጣቱ ካሜራውን ቀጭ ነው የሚያደርገው።»

«ፊቱን አይተውታል?»

«ባርኔጣውን አይቻለሁ። መነጽሬን ያብለጨልጫል እያለ ስለሚያስወልቀኝ ለምዶብኝ ስቀመጥ አወልቀዋለሁ። ያለ መነጽር ሰው ለኔ ጉም ነው፣ ልጄ። በዚያ ላይ መብራቱ።»

መርማሪዋ ወደ ልጅቷ ዞረች። «አፍንጫ የሚያብጠው መቼ ነው?»

«በአጭር ሌንስ ቀርበው ሲያነሡ» አለች ልጅቷ። «አጭሩ ሌንስ ሰፊ ቦታ ያስገባል። ፊት እንዲሞላ ከተፈለገ መጠጋት ነው፤ ሲጠጉ ደግሞ ለካሜራው የቀረበው አፍንጫ ይተልቃል።»

መርማሪዋ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወሰደች። ከመምህርቷ ጀርባ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ካርቶኖቹ ይቆጠራሉ፤ የመጥረጊያው ጭራሮ እንኳ ይለያል። የጨለማው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ከበሩ ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ አንድ ነገር ወድቋል። ብሩሽን ማጉያ መነጽር አስመጣችና አየች። ብዙ ጊዜ አየች። ከዚያ በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ላይ ሙሉ በሙሉ ተቀመጠች።

ስልኳ ጮኸ። አላነሣችውም።

ሁሉም እንዲሰበሰቡ አደረገች። መምህርቷ ከመስኮቱ ሥር፣ ብሩሽ ጉንጩን ይዞ በሩ ላይ፣ ሰልፍ ካሜራውን እንዳንጠለጠለ መሀል ላይ ቆሙ። ልጅቷ ቦርሳዋን ይዛ ተነሣች፤ ሰዓቱ ደርሷል ብላ ነው።

«አንድ ነገር ላስቸግርዎት» አለች መርማሪዋ ለሰልፍ። «ልጅቷን ከመውሰዴ በፊት ከልጇ ጋር ፎቶ ያንሱልኝ። ወንበሩ ላይ።»

«አሁን?»

«ለሕፃኑ ማስታወሻ ይሁነው። እናቱ መቼ እንደምትመለስ አይታወቅም።»

መምህርቷ ደረታቸውን መቱ። ልጅቷ ሕፃኑን ጥብቅ አድርጋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሰልፍ ካሜራውን ከአንገቱ አወጣ። በልማድ ሄዶ ትልቁን መብራት አበራ፤ ሕፃኑ ዓይኑን ጨፍኖ ጮኸ። በልማድ የሌንሱን ቀለበት አዞረ። በልማድ ጠጋ፣ ጠጋ አለ።

«እዚያው ይቁሙ!» አለች መርማሪዋ። «መብራቱን አጥፉለት፤ የሕፃን ዓይን ነው። አሁን ቀለበቱን ለሁላችንም ያንብቡልን። ጣትዎ የት ላይ አቆመው?»

ሰልፍ ዝቅ ብሎ አየ። «አሥራ አንድ።»

«በጣም ጠባብ ቀዳዳ ነው አይደል?»

«የኔ ሥራ ነዋ። አምስት ረድፍ ልጅ ነው የማነሣው። የኋለኛው ረድፍ ከደበዘዘ እናቶቹ ይሰድቡኛል።»

«አውቃለሁ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።» ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ይህን ፎቶ ጋሼ አነሣው ተብሏል። ጋሼ አንድ ሌንስ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ረጅም ነው፤ እሱም ተሰንጥቋል። በተሰነጠቀ ሌንስ እንዲህ ያለ ንጹህ ፎቶ አይወጣም። የእትዬ አፍንጫ በአጭር ሌንስ፣ ከቅርብ የተነሣ ነው። በዚህ ቤት አጭር ሌንስ ያለው አንድ ሰው ነው፤ ብዙ ሰው በረድፍ የሚያነሣው። ሁለተኛ፣ ጋሼ ቀዳዳውን ከፍቶ በመስኮት ብርሃን ይሠራል። ያነሣው ሰው ግን መብራት ለቆ ቀዳዳውን አጥብቧል። ማን ነው እንዲህ የሚሠራው? አሁን በዓይናችን አየነው።»

«ይሄማ…» አለ ሰልፍ። «ወንድሜ የኔን ሌንስ ተውሶ ቢሆንስ? መብራቱንስ ራሱ ቢያበራው?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው። እንግዲህ ከመምህርቷ ጀርባ ያለውን ይመልከቱ።» ማጉያውን ሰጠችው። «ከጨለማው ክፍል በር ሥር።»

ሰልፍ ጎንበስ አለ። አልተነሣም።

«ለሌሎቻችሁ እኔ ልንገራችሁ» አለች። «ከዘራ ነው። የጋሼ ከዘራ፤ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ጋሼ ያለ ከዘራ መሄድ ይችል ነበር?»

«ከአልጋው እስከ በሩ እንኳ አይሄድም» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

«ታዲያ ከዘራው ከእትዬ ጀርባ ወድቆ፣ ባለቤቱ ከእትዬ ፊት እየተራመደ ያነሣቸው በምን እግሩ ነው? ጋሼ እትዬ ከመግባታቸው በፊት ሞቷል። የተኛውም እዚያ በር ውስጥ፣ ከሲሚንቶው ገንዳ ሥር ነበር። ሌንሱን እየወለወለ ሳለ ተገፋ፤ ራሱን ገንዳው መታው፤ ሌንሱም አብሮ ተሰነጠቀ። የገፋው ሰው ገና ሳይረጋጋ እትዬ ‹ቤቶች!› አሉ። የወንድሙን ባርኔጣ አጠለቀ፣ የራሱን ሌንስ በወንድሙ ካሜራ ላይ ገጠመና አነሣቸው። ከዚያ ሬሳውን ወደ ደረጃው ወሰደ፤ ከዘራውን አጠገቡ አስቀመጠ፤ ወለሉን ወለወለ፤ የተሰነጠቀውን ሌንስ መሳቢያ ውስጥ ደብቆ የራሱን ይዞ ትምህርት ቤት ሄደ። ወንድሙ እስከዚያ ሰዓት በሕይወት እንደነበረ ይህ ፎቶ እንዲመሰክርለት ፊልሙን ‹አሳጥቡት› ብሎ የለመነኝም ራሱ ነው። እንደ ወንድምዎ ቀዳዳውን ከፍተውት ቢሆን ኖሮ ያ ከዘራ ሟምቶ ይጠፋ ነበር። አጭሩም ሌንስ ቢሆን ከከዘራው የሚተርፈው አንድ የደበዘዘ መስመር ብቻ ነበር። ጣትዎ ግን አሥራ አንድ ላይ ሄደ።»

ሕፃኑ አሁንም ያለቅሳል። ሰልፍ ማጉያውን አስቀመጠ።

«‹አንተ ፊት አታውቅም፤ ሰው ትቆጥራለህ እንጂ› አለኝ» አለ። «ፎቶ ቤቱን ለሷ ሊሰጥ ነው፤ እሷ ደግሞ አልፈልግም ትላለች! ለኔ ስጠኝ አልኩት። ሳቀ። ዕድሜዬን በሙሉ እሱ ፊት ነው፣ እኔ ጀርባ። ገፋሁት። ሌላ አላደረግኩም፤ ገፋሁት ብቻ።»

«ሐኪም አይጠሩም ነበር?»

«ሞቶ ነበር እኮ።»

«እሱ ሞቶ ነበር። ይቺ ግን በሕይወት አለች» አለች መርማሪዋ፤ ድምፅዋ ተለወጠ። «ዛሬ ጠዋት ቦርሳዋን አይተውታል። ይሄ ሕፃን ጡጦ እንደማይዝ ከማንም በላይ ያውቃሉ። እያወቁ ነው ‹እውነቱ ይውጣ› ያሉኝ።»

ሰልፍ ወደ ወንድሙ ልጅ ቀና ሊል ሞከረ፤ አልቻለም። ልጅቷም አላየችውም። ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ ነጠላዋን አልብሳ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ማጥባት ጀመረች። ልቅሶው ወዲያው ቆመ።

መርማሪዋ ስልኳን አወጣች። «መኪና ይላክልኝ» አለች። «አዎ፣ ይዤ እመጣለሁ። አይደለም፤ እሷን አይደለም።»

መኪናው መጥቶ ፖሊሶች ሰልፍን ሲያወጡት ብሩሽ ጉንጩን እንደያዘ በሩን ከፈተላቸው። መምህርቷ ፎቶውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ። መነጽራቸውን አስተካክለው አንዴ አዩት፤ ለማስረጃ ለመርማሪዋ ሰጧት። ከዚያ ወደ ልጅቷ ሄደው ጎንበስ አሉ፣ የቦርሳውን ዚፕ እስከ መጨረሻው ከፈቱና የሕፃኑን ልብሶች አንድ በአንድ እያወጡ ወንበሩ ላይ ማጣጠፍ ጀመሩ።

«ተይው፣ ቀስ ብለሽ አጥቢው» አሏት። «ይሄን ሁሉ በብርድ ሌሊት ስታሰናጂ አደርሽ? ወይ የኔ ልጅ።»

መርማሪዋ በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰች። ወደ ጣሪያ የሚያወጣውን ደረጃ ቆማ አየችው።

«ያም ሆነ ይህ» አለች፣ የተንጠለጠለውን ቁልፏን እየነካካች፣ «ይሄ ልጅ መዳህ ሳይጀምር መደገፊያ አሠሩለት።»